አሥራ አንድ ቅዳሜ

ከሱቁ፣ ማክሰኞ ጠዋት
ኅዳር 9 ቀን

ለልጄ፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ እንዳልጀምር፣ እናትህ በየእሑዱ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ያልካትን ሁሉ ስለምትነግረኝ የማውቀውን እንደ አዲስ መጠየቅ ይሆንብኛል። ጉንፋን ይዞህ እንደነበር ሰምቻለሁ። ሚስትህ አዲስ ሥራ መጀመሯንም ሰምቻለሁ፤ ደስ ብሎታል በላት። «አባዬን ሰላም በይልኝ» የምትላት ሰላምታም ትደርሰኛለች። ስምንት ወር ሙሉ ከአንተ የደረሰችኝ እሷው ብቻ ናት፤ እሷንም እናትህ ከራሷ ጨምራ እንዳይሆን አንዳንዴ እጠረጥራለሁ።

በእጄ የምጽፍልህ በስልክ ስለማልችል ነው። ሦስት ጊዜ ደውዬ ገና አንዴ ሳይጠራ ዘግቼዋለሁ። በዚያ ላይ ትናንት ጉድ ሆኛለሁ። በሱቁ ኮምፒውተር ላይ የምጽፈው ነገር ሁሉ አንተ ዘንድ እንደሚደርስ ያወቅኩት ትናንት ነው። ሁሉም! እንግዲህ «ልጄን ይቅርታ መጠየቅ» ብዬ ጽፌ፣ ለቅዳሜ ቀጥሬ፣ ቅዳሜ ሲመጣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ እየገፋሁ አሥራ አንድ ጊዜ ማስተላለፌን አይተሃል ማለት ነው። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ! አልዋጠችኝምና ከመጀመሪያው ላውራህ።

የዛሬ ሦስት ወር ግድም መምህሩ መጣ። ታውቀዋለህ፣ ያ ረጅሙ፣ ቁም ነገር ሊናገር ሲል መነጽሩን የሚያወልቀው። ሱሪውን አሳጥርልኝ ብሎ ከሰጠኝ አራተኛ ቅዳሜው ነበር። እንደ ሌላው ሰው ቢጮህብኝ መልስ ነበረኝ። መብራት ጠፋ፣ ክር አለቀ፣ እጄን አመመኝ፤ የሠላሳ ዓመት ሰበብ አጠራቅሜአለሁ። እሱ ግን አግዳሚው ላይ ቁጭ አለና መነጽሩን አውልቆ «አልተቆጣሁም። የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ ብቻ እውነቱን ንገረኝና ልሂድ» አለኝ። ልጄ፣ የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ እኔስ መቼ አውቄው! ሰፈሩ «ጋሼ ቅዳሜ» ሲለኝ እስከዚያ ቀን ድረስ የፍቅር ስም ይመስለኝ ነበር።

እሱ ሲወጣ ዓይኔ አንተ ያመጣህልኝ ኮምፒውተር ላይ አረፈ። አትፍረድብኝ፣ ክዳኑ ላይ የክር ጥቅልል እደረድርበት ነበር። አራግፌ ብከፍተው ያ ጥቁር ገጽ ብቻ። ሥዕል የለው፣ የሚጫኑት ነገር የለው፤ ጥጉ ላይ አንዲት ነጭ ምልክት ብልጭ ድርግም ትላለች። ሞቷል ብዬ አቅፌው ጎረቤት ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ባለቤቷን ታስታውሳታለህ፣ ያቺ ቀኑን ሙሉ የሻይ ብርጭቆ ከእጇ የማይለየው። አየችውና ሳቀች።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ አልሞተም። እንዲጽፉበት እየጠበቀዎት ነው።»

«ምን ልጻፍበት?»

«ሥራዎን ነዋ!»

የካርቶን ቁራጭ ላይ ቃላቱን ጻፈችልኝ። «አድ» ብዬ ሥራውን ስጽፍ ይመዘግበዋል፤ «ሊስት» ስለው ያለብኝን ሁሉ ይዘረዝርልኛል፤ «ደን» ስለው ያለቀውን ያነሳልኛል። አራተኛዋን ቃል አንተው ራስህ ከኮምፒውተሩ ሥር ወረቀት ለጥፈህ ትተህልኝ ነበር፤ «አባዬ፣ ሱቅ ስትዘጋ ሲንክ በል።» እሺ አልኩ። መብራቱን አጠፋለሁ፣ ሲንክ እላለሁ፣ በሩን እዘጋለሁ። እኔ እንደ ቁልፍ ነበር የቆጠርኳት።

ያኔ ይህን የሥራ መመዝገቢያ ፕሮግራም ስትጭንልኝ እንዴት እንደሳቅኩብህም ትዝ አለኝ። «ስንት ከፈልክበት?» ብልህ «ነጻ ነው» አልከኝ። «ማን ሠራው?» «በየአገሩ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ስህተት ካየሁበት እኔም አስተካክላለሁ።» «ያለ ደመወዝ?» «ያለ ደመወዝ።» ደንበኛ በተሰበሰበበት «ልጄ ለማያውቀው ሰው በነጻ ይለፋል፤ ቂል ወለድኩ» ብዬ አሳቅኩብህ። አሁን ባለማተሚያ ቤቷ አስረድታኛለች። የፕሮግራሙን ቅድ ማንም እንዲያየው ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ትተውታል፤ የጠበበው ያሰፋዋል፣ ያሰፋውንም ለሌላው ብሎ መልሶ እዚያው ያኖረዋል። የኛ ሙያ እንዲህ አይደለም። እኔን ያስተማረኝ ሰውዬ የኮት ቅዱን ጠቅልሎ ከፍራሹ ሥር አድርጎ ይተኛበት ነበር። ሰባት ዓመት ተላልኬለት የኮሌታ አቆራረጥ ያየሁት በስርቆት ነው። ቂሉ እኔ ነኝ ልጄ፤ ያንን ቃሌን አንሳልኝ።

ታዲያ መጻፍ ጀመርኩ። በሁለት ጣት፣ እንደ ዶሮ እየለቀምኩ። ከየመደርደሪያው እያወረድኩ አንድ ቀን ሙሉ ስጽፍ ዋልኩ፤ ሃምሳ ሦስት ሥራ ሆነ። «ለእያንዳንዱ ቀን ይስጡት» ብላኝ ነበርና ቀን ሰጠሁት። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት «ሊስት» ብለው ገጹ ከላይ እስከ ታች ቀላ! እሳት የተነሳ መስሎኝ ጮኼ ጠራኋት። መጥታ አየችና ሻይዋ እስኪደፋ ሳቀች።

«ጋሼ፣ ቀኑ ያለፈበት ሥራ በቀይ ይወጣል፤ ሃምሳ ሦስቱንም ለቅዳሜ ነው እኮ የቀጠሯቸው! ለእርስዎ ሳምንቱ አንድ ቀን ብቻ ነው እንዴ?»

አፌ ቅዳሜ ማለት ለምዷል። ቅዳሜ ስትለው ሰው ደስ ብሎት ይሄዳል፤ የሚከፋው ከርሞ ነው። አብረን ቁጭ አልንና አንድ ሱሪ ማሳጠር ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጠየቀችኝ። ሠላሳ ዓመት ሰፍቼ ይህን ራሴን ጠይቄው አላውቅም። ሥራውን በየቀኑ በታተንነው። ለመምህሩ «ረቡዕ ከቀትር በኋላ» አልኩት። አላመነኝም። ረቡዕ መጥቶ ሱሪው ታጥፎ ሲጠብቀው፣ የሌላ ሰው እንዳይሆን አገላብጦ አገላብጦ አየው። ወሬው ሰፈሩን አዳረሰው፤ «ጋሼ ቅዳሜ በረቡዕ አስረከበ!» እየተባለ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን «አልችልም» ማለት ነው። አንዲት ሴትዮ ስድስት ቀሚስ ተሸክማ መጣች። ዝርዝሩን አየሁት፤ ቦታ የለም። «አልችልም እመቤቴ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሰፊ ይሠራልሻል» አልኳት። እናትህ ይህን ስትሰማ ትኩሳት የያዘኝ መስሏት ግንባሬን ዳሰሰችኝ።

እዚህ ድረስ ያለው የደስታው ወሬ ነው። አንድ ነገር ግን ነበር። ይህ ፕሮግራምህ የቆየ ሥራን ወደ ላይ ያወጣል፤ ባልነካኸው ቁጥር እላይ ወጥቶ ያፈጥብሃል። የመጀመሪያው መስመር ላይ እኔ ያልጻፍኩት ሥራ ነበር። ኮምፒውተሩን ያመጣህልኝ ቀን አንተው የጻፍከው፤ «የኔ ሙሉ ልብስ፣ ለሰርጌ።» በየጠዋቱ ስከፍት እሱ ነው የሚቀድመኝ። ማጥፊያውን ቃል ባለማተሚያ ቤቷ አስተምራኛለች። ሁለት ጊዜ ጻፍኩት፤ ሁለቴም ጣቴ እንቢ አለኝ።

ጨርቁን ከመደርደሪያው አወረድኩት። ጀርባውና ደረቱ ተያይዟል፤ እጅጌ የለውም፣ ኮሌታ የለውም፤ በሰርግህ ዋዜማ እንደተውኩት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብትለኝ እውነትህን ነው። ቢሆንም የመጀመሪያው ደንበኛ ሳይመጣ በየጠዋቱ አንድ አንድ ሰዓት ሰጠሁት። ልክህን ሚስትህ ለእናትህ በስልክ ነገረቻት፤ ሚስጥር ነበር፣ እንዳትቆጣት። ትከሻህ ሁለት ሴንቲ ሰፍቷል። በወገብህ በኩል ስለተጨመረው ዝም እላለሁ፤ ደልቶታል ብዬ ነው የወሰድኩት።

በዚያው ሰሞን ነው ከልብስህ ሥር «ልጄን ይቅርታ መጠየቅ፣ ቅዳሜ» ብዬ የጻፍኩት። ሃምሳ ሦስቱን ሥራ ከቅዳሜ አውጥቼ ያንን አንዱን እዚያው ተውኩት፤ አስበው እንግዲህ።

ትናንት ባለማተሚያ ቤቷ ከእኔ ክር ልትገዛ ስትመጣ ልብስህ ከተጻፈበት አጠገብ ያለችውን ቁጥር ጠየቅኳት። አምስት ትላለች። እኔ አምስት ሜትር ጨርቅ ማለትህ መስሎኝ «ሦስት ተኩል ይበቃው ነበር፤ ልጄ ጨርቅ አያውቅም» እያልኩ ስስቅ ከርሜአለሁ። «ማስታወሻ ነው ጋሼ። አምስት ማስታወሻ አለው፤ ኢንፎ ቢሉት ያሳይዎታል» አለችኝ። አልኩት።

አራቱ አንድ ናቸው፣ ቀናቸው ብቻ ነው የሚለየው። «አባዬን ጠየቅኩት። ቅዳሜ አለኝ።» «አባዬን ጠየቅኩት። ቅዳሜ አለኝ።» እንደዚያ እያለ ይወርዳል። አምስተኛው ሰርግህ ሦስት ቀን ሲቀረው የተጻፈ ነው። «ዛሬ አልጠየቅኩትም። ዓይኑ ቀልቷል፣ በጣም ደክሞታል። የሰው ሥራ ይጨርስ። የአክስቴን ልጅ ኮት እለብሳለሁ።»

ደጋግሜ አነበብኩት። ባለማተሚያ ቤቷ ወደ ውጭ ታይ ነበር፤ ጨዋ ሴት ናት። ኋላ ዞር ብላ «ልጅዎ ግን ምን ይልዎታል? ሁልጊዜ ሲልኩለት አይመልስልዎትም?» አለችኝ።

«ምን ልኬለት?»

«ሱቅ ሲዘጉ ሲንክ ይሉ የለም እንዴ?»

«እሱማ ሱቁን መቆለፍ ነው።»

«ኧረ ጋሼ! እርስዎ የሚጽፉት እሱ ጋ ይሄዳል፣ እሱ የሚጽፈው እርስዎ ጋ ይመጣል። የሚያውቁ መስሎኝ ነው እኮ!»

«የቱ ነው የሚሄደው?»

«ሁሉም።»

«ሆዴን ለሐኪም ማሳየት»ን አይተሃል። «ማዶ ያለውን ሰፊ ሰላም ማለት፣ ቅናት ነውር ነው» ያልኩትንም አይተሃል። ያንን አሥራ አንዱን ቅዳሜ አይተሃል። ባለማተሚያ ቤቷ ሁኔታዬን አይታ «ባይፈልገው መስመሩን መቁረጥ ለእሱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። አልቆረጠውም» አለችኝ። ያኔ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። የዛሬ ሁለት ወር ተኩል ግድም እናትህን በስልክ «የመምህሩ ሱሪ አለቀ ወይ?» ብለህ ጠይቀሃት ነበር። እሷ ከሰፈር ሰው የሰማህ መስሏት፣ እኔ እሷ የነገረችህ መስሎኝ ዝም ብለን አልፈነዋል። ለካ በየቀኑ ከሱቄ አልተለየህም! ደስታው ይሁን ሐፍረቱ አላውቅም፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

አሁን ዋናውን ልናገር። እናትህ ስምንት ወር ሙሉ የተቀየምከኝ ልብሱ ስላልደረሰልህ ይመስላት ነበር፤ እንደዚያ ብዬ የነገርኳት እኔ ነኝ። ለምን እንደተቀየምከኝ አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ።

በሰርግህ ቀን አዳራሹ ውስጥ እኔ የሰፋሁት ሰባት ሙሉ ልብስ ነበር። ቆጥሬዋለሁ። ሳምንቱን ሙሉ የለፋሁት ለእነሱ ነው። ሙሽራው እጅጌው ሁለት ጣት ያጠረ ኮት ለብሶ ቆሟል። ያ ጨርቅ ነጋዴው ደንበኛዬ ጠጋ አለኝና «የልጅህ ኮት ያንተ እጅ ነው?» አለኝ። «ሳላደርስለት ቀረሁ» ማለት ነበረብኝ፤ ሁለት ቃል ናት። እኔ ግን ዓይኔን በጨው ታጥቤ «ኧረ ወዲያ! የኔንማ እንቢ አለኝ፤ የዛሬ ልጅ የአባቱን ሥራ መች ይወዳል!» አልኩት። ከበውን የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ዞር ስል አንተ ከኋላዬ ነበርክ። የሚስትህን እጅ ይዘህ አለፍክ።

አንተ የኔን ገበና ልትሸፍን ያጠረ ኮት ለበስክ፤ እኔ በሰርግህ ቀን፣ በሰው ፊት፣ በራስህ ላይ ዋሸሁብህ። ያንን አምስተኛ ማስታወሻ ሳላነብም ውሸቴን አውቀው ነበር። ካነበብኩት በኋላ ግን ከነውሸቴ መቀመጥ አልቻልኩም።

ይቅር በለኝ ልጄ። ስለ ልብሱ አይደለም፤ ስለዚያች ንግግሬ።

ትናንት ሱቁን ዘግቼ ነጋዴው ዘንድ ሄድኩ። «በልጄ ሰርግ ቀን ዋሽቼሃለሁ፤ ልብሴን እንቢ አላለም፣ እኔ ነኝ ያላደረስኩለት» አልኩት። ሰውዬው አፍጥጦ «የቱን ልብስ?» አለኝ። ረስቶታል! ለእሱ የአንድ ደቂቃ ሳቅ ነበር፤ ስምንት ወር የተሸከምነው እኔና አንተ ብቻ ነን። ከዚያ ለእናትህ ነገርኳት። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት አንተ ነህ» አለችኝና ይህን ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችው። ጠዋትም ሱቅ ስወጣ አብሮ መያዜን አረጋግጣ ነው የለቀቀችኝ።

በሚቀጥለው ወር ለሥራ እንደምትመጣና ሆቴል እንደያዝክ ሰምቻለሁ። ሆቴሉን ተው አልልህም፤ የምታርፍበትን የመምረጥ መብትህ ነው። ክፍልህ ግን እንደተውከው አለ፤ እናትህ ትናንት መጋረጃውን አውርዳ አጥባዋለች፣ እኔም ጫፉ ተፈትቶ ስለነበር ሰፍቼዋለሁ። ልብስህም አልቋል፤ ተተኩሶ ተሰቅሏል። ገበሩን ጥቁር ሰማያዊ አደረግኩት። ሰርግ አልፏል፤ ለሥራህም ቢሆን ትለብሰዋለህ ብዬ ነው። እሱ ላይ «ደን» አልልም፤ የጻፍከው አንተ ነህ፣ ለብሰህ አይተህ የምትዘጋውም አንተ ነህ። ከጠበበህ ወይ ካልወደድከው እዚያው ሥሩ ጻፍልኝ። አሁን ማንበብ አውቄአለሁ፤ በየጠዋቱ ከመቀሱ በፊት እሱን ነው የምከፍተው።

ይህን ፖስታ ቤት አድርሼ ስመለስ «ልጄን ይቅርታ መጠየቅ» የሚለው ላይ «ደን» እላለሁ። ደብዳቤው ገና መንገድ ላይ እያለ ያንን ስታየው «ምን ጠይቆኝ ነው አለቀ የሚለው?» ብለህ እንዳትቆጣ። መጠየቁ የኔ ሥራ ነበር፣ እሱን ጨርሻለሁ። ይቅር ማለቱ ግን ከኔ ዝርዝር ውስጥ የለም። አልጻፍኩትም፤ ቀንም አልቆርጥለትም።

በሄድክበት ሞገስ ይስጥህ። የያዝከው ይባረክልህ፣ ክፉ አይይህ፣ ከሚስትህ ጋር አብራችሁ አርጁ።

አባትህ